ጆሮህን ተወው፣ ማይኩን እየው፦ ለኦንላይን በረራ ስለሚሆን ሄድሴት

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነበር፦ «ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው ምኖረው። ላፕቶፕ ላይ ኤክስ-ፕሌን 11 ሚባለውን የበረራ ሲሙሌተር ጭኜ ቫትሲም ላይ፣ ያው ከሌሎች ፓይለቶችና ከአየር ትራፊክ ኮንትሮለሮች ጋር በድምፅ እየተነጋገሩ ሚበሩበት የኦንላይን ኔትወርክ ላይ፣ መብረር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ምጠቀመው በብሉቱዝ ኢርፎን ነው፣ ኮንትሮለሮቹ ግን ሁሌ ሰይ አጌን፣ ድገመው፣ ይሉኛል፣ ባለፈው አንዱ ሪዳቢሊቲ ቱ ሲለኝ አፍሬ ዘግቼ ወጣሁ። አጎቴ ከውጭ ሊመጣ ነውና ምን ላምጣልህ ብሎኛል፣ ሦስት ነገር አስቤያለሁ፣ ሰቨን ፖይንት ዋን ሚባለው፣ ድምፅ ከዙሪያ ሚያሰማው የጌም ሄድሴት፣ ጥሩ ኖይዝ ካንስሊንግ ብሉቱዝ፣ ወይ ደሞ እውነተኛ ፓይለቶች ሚያደርጉት ዴቪድ ክላርክ ሚባለው ሄድሴት፣ ያገለገለ። የቱ ይሻላል ይላሉ? ቤታችን ቲቪም ሰውም አይጠፋበትም።»

እሺ ወንድሜ። መጀመሪያ ሪዳቢሊቲ ቱ መባል አያሳፍርም፣ ስድብም አይደለም። በአቪዬሽን የድምፅህ መሰማት ከ1 እስከ 5 ነው ሚለካው፣ 1 ጭራሽ አይገባኝም፣ 2 አልፎ አልፎ ይገባኛል፣ 3 በስንት መከራ ይገባኛል፣ 4 ይገባኛል፣ 5 ጥርት ብሎ ይገባኛል። ሰውየው እየተቆራረጥክ ነው ምትደርሰኝ ነው ያለህ። እንደውም አመስግነው፣ ሌላው ሰይ አጌን ሰይ አጌን እያለ ያለፋሃል እንጂ በሽታህን አይነግርህም።

እኔ ሥራዬ ድምፅ ነው፣ ሰርግ ላይ ሞንታርቦ መዘርጋት፣ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ማስተካከል፣ የተበላሸ ሄድሴትና ሚክሰር መጠገን ነው ውሎዬ፣ ማታ ማታ ደሞ እንዳንተው ኦንላይን እበራለሁ። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ ስትይዛቸው ቶሎ ሚታይህ ነገር አለ፣ ሄድሴት የሚገዛ ሰው ሁሉ ሚጠይቀው ስለ ጆሮው ነው። ቤዙ እንዴት ነው፣ ዙሪያውን ይሰማል ወይ፣ የውጭ ድምፅ ይዘጋል ወይ። አንተም ሦስቱን አማራጭ ስትጽፍልኝ ስለ አንዳቸውም ማይክ አንዲት ቃል አልጻፍክም። ችግርህን ስትነግረኝ ግን ኮንትሮለሩ አይሰማኝም ነው ያልከው፣ እኔ እሱን አልሰማውም አላልክም። የተበላሸው ወደ ውጭ ሚሄደው ሆኖ ሳለ ልትገዛ ያሰብከው ወደ ውስጥ ሚገባውን ነው።

ለምን እንደሆነ ትንሽ ላስረዳህ፣ ይሄን ካወቅክ ሱቅ ገብተህም ማንም አያታልልህም። እውነተኛው የአውሮፕላን ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው በኤኤም ነው ሚሠራው፣ ድምፁም እንደ ድሮ ስልክ ጠባብ ነው፣ ከ300 ኸርዝ በታች ያለው ጎርናና ድምፅና ከ3,400 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ተቆርጦ ይቀራል። ቫትሲምም በፈረንጆቹ 2019 የድምፅ ሲስተሙን ሲቀይር ይሄንኑ ነው ያስመሰለው፣ ርቀቱ ሳይቀር፣ ከኮንትሮለሩ እየራቅክ ስትሄድ ድምፁ እየሻከረ ይጠፋል፣ ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ደሞ የሁለቱም ንግግር በጩኸት ይዋጣል። ስለዚ የስቱዲዮ ማይክ ብታመጣም ወዲያኛው ጫፍ ሚደርሰው በዛች ጠባብ ቀዳዳ ያለፈው ብቻ ነው። የሰው ድምፅ ላይ ስ፣ ፍ፣ ሽ ሚባሉት ፊደሎች አብዛኛው ጉልበታቸው ያለው እዛ ላይኛው በተቆረጠው በኩል ነው፣ ኤስ ይሁን ኤፍ የማይለየው ለዛ ነው፣ ሲየራ፣ ፎክስትሮት እያልን ፊደል በፊደል ምንናገረውም ለዛ ነው። ማይክህ ከዛች ከቀረችው ላይ ደሞ የተወሰነውን ከበላብህ ምን ተረፈ? ለዚህ ሥራ ማይክ ውብ ድምፅ አይጠበቅበትም፣ መሀሉን ጥርት አድርጎ ካሳለፈና ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ካላግበሰበሰ ይበቃል።

ማግበስበሱን ሚወስነው ደሞ ከምንም በላይ ርቀት ነው፣ ዋጋም ብራንድም አይደለም። ሰርግ ላይ አይተሃል አይደል፣ ሽማግሌው ሊመርቁ ሲነሱ ማይኩን እንደ ከዘራ ታች ሆዳቸው ጋ ይይዙታል፣ አይሰማም ተብሎ እኔ ከጀርባ ድምፁን ስጨምር ሲስተሙ ሲጥጥጥ ብሎ ይጮሃል፣ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ የሳውንድ ሰውዬው አይችልም ይባላል። ጥፋቱ የኔም የማይኩም አይደለም፣ የርቀቱ ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይወድቃል፣ ማይኩ ከአፍህ 2 ሳንቲ ላይ ከነበረ ወደ 4፣ ከ4 ወደ 8፣ ከ8 ወደ 16 ስትወስደው ወደ 18 ዴሲቤል አጣህ ማለት ነው። ቲቪው ግን ንቅንቅ አላለም፣ እዛው ሳሎን ነው፣ ያጣኸውን ለመመለስ የማይኩን ቮልዩም ስትጨምር ቲቪውም እኩል ይጨምራል። ብሉቱዝ ኢርፎንህ ማይኩ ያለው ጆሮህ ላይ ነው፣ ከአፍህ ስንት ይርቃል? በክንድ ሳይሆን በስንዝር ለካው፣ መልሱን ራስህ ታገኘዋለህ።

አሁን ወደ ሦስቱ ልምጣ።

ብሉቱዙን መጀመሪያ አውጣው፣ ውድ ቢሆንም ባይሆንም። ሰው ሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ኖይዝ ካንስሊንግ ተብሎ ሳጥኑ ላይ ሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ላንተ ጆሮ ነው፣ ወዳንተ ሚመጣውን ጫጫታ ነው ሚቀንሰው፣ ኮንትሮለሩ ጋ ሚሄደው ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለተኛ ደሞ ብሉቱዝ ሁለት ፀባይ አለው፣ ዘፈን ስትሰማ በጥሩ ጥራት በሁለቱም ጆሮ ይሰጥሃል፣ ማይኩን የከፈትክ ለት ግን የተለመደው ብሉቱዝ ወደ ስልክ ፀባዩ ይቀየርና ጥራቱ ይወድቃል፣ የሞተርህ ድምፅ ሁሉ ሞኖ ሆኖ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፣ አንተም ይሄን ሳታይ አትቀርም። ሦስተኛው የባሰው መዘግየቱ ነው። ቁልፉን ተጭነህ ስትናገር ማይኩ እስኪነቃ የመጀመሪያዋ ቃል ትበላለች፣ ኢትዮጵያን ፋይቭ ዚሮ ዋን ብለህ ኮንትሮለሩ ጋ ...ፒያን ፋይቭ ዚሮ ዋን ሆኖ ይደርሳል፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ቁልፉን የለቀቅከው አንተ ስትጨርስ ነው እንጂ ድምፅህ ሲጨርስ አይደለም፣ ጭራውም ይቆረጣል። ሪዳቢሊቲ ቱህ በአብዛኛው ይቺ ናት ብል አልሳሳትም። ገመድ አልባ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልክ የራሱ ትንሽዬ ዩኤስቢ ያለው 2.4 ጊጋኸርዝ ሚባለው ዓይነት በጣም ይሻላል፣ መዘግየቱም እዚህ ግባ አይባልም፣ ግን ቻርጁ ሲያልቅ ለማረፍ አፕሮች ላይ መሆንህን አይጠይቅህም።

የጌሙ ሄድሴት መጥፎ አይደለም፣ ማይኩ ዘንግ ያለውና አፍህ ጋ ሚደርስ ከሆነ ጥሩ ነው። ሰቨን ፖይንት ዋኑ ግን ላንተ ምንም አይሠራም። የኮንትሮለር ድምፅ ሞኖ ነው፣ ከኋላህ መጣ ከፊትህ መጣ ሚባል ነገር የለውም። ደሞ የብዙዎቹ ሰቨን ፖይንት ዋን በሁለት ስፒከር ላይ በሶፍትዌር የተሠራ ማስመሰል ነው፣ ንግግሩን አዳራሽ ውስጥ የገባ ያስመስለዋል፣ ቢኖረውም አጥፋው። መብራቱም ቀለሙም ለፎቶ ነው። ሃይፐርኤክስ ክላውድ 2ን ብዙ ሰው ይዞታል፣ ማይኩ ይነቀላል፣ የራሱ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ አለው፣ ሰቨን ፖይንት ዋኑን በአንድ ቁልፍ ታጠፋዋለህ፣ እሱን አጎትህ በቅናሽ ካገኘው እሺ በለው፣ አልከራከርህም።

ዴቪድ ክላርኩን ለምን እንደፈለግከው አውቃለሁ፣ እኔንም አንድ ሰሞን ይዞኝ ነበር፣ አረንጓዴው ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ግን ያ ዕቃ የተሠራው ለምን እንደሆነ አስብ። ትንሽ ሴስና ውስጥ ሞተሩ ፊትህ ላይ ነው፣ ጩኸቱ ጆሮ ይጎዳል፣ ስለዚ ጆሮህን እንደ ጉጠት ጭምቅ አድርጎ ይዘጋዋል፣ ጭምቀቱ ነው ሥራው። ጠባሴ ቤትህ ውስጥ ሞተሩ የት አለና ነው ራስህን ሁለት ሰዓት ምታስጨምቀው? ይሄ እንኳ ቢቀር ጃኩ ሁለት ነው፣ አንዱ ወፍራም ለጆሮ፣ አንዱ ቀጠን ያለ ለማይክ፣ ሁለቱም ላፕቶፕህ ላይ አይገቡም። ቀዳዳውን በኮንቨርተር አስተካክለህ ብታስገባው እንኳ ማይኩ ከአውሮፕላኑ ከ8 እስከ 16 ቮልት እየተሰጠው እንዲሠራ ነው የተሠራው፣ ላፕቶፕህ በዛች ቀዳዳ ሚሰጠው ከ5 ቮልት በታች ነው፣ ወይ ድምፅ የለም ወይ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ነው ምትሰማው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የዩኤስቢ አዳፕተር አለ፣ ግን ሌላ ወጪ ነው፣ ያገለገለው ሄድሴት ላይ ስፖንጁን፣ የጆሮውን ጄልና የማይክ ሽፋኑን ደሞ ጨምርበት። ነገ ከነገ ወዲያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የእውነት ምትበር ከሆነ ያኔ ይገዛል፣ እስከዛው ይቆየን። ቦዝ ኤ20 ሚባለው የፓይለት ሄድሴትም ያው ነው፣ ጫጫታውን በኤሌክትሮኒክስ ስለሚያጠፋ ጭምቀቱ ይቀልላል እንጂ የጃኩና የቮልቱ ነገር አይቀየርም።

ታዲያ የቱ ነው ካልከኝ፣ አንተ ያልጻፍከው አራተኛ አለ፣ የኮል ሴንተር ሄድሴት። በቃ ቢሮ ውስጥ ሙሉ ቀን ስልክ ሚያነሱ ሰዎች ሚያደርጉት። አስበው እስቲ፣ ያ ዕቃ የተሠራው አጠገብህ ሀያ ሰው እያወራ ያንተ ድምፅ ብቻ በጠባብ የስልክ መስመር ጥርት ብሎ እንዲያልፍ ነው፣ ስምንት ሰዓት ጭንቅላት ላይ ሲውል እንዳያሳምም ነው። ካንተ ችግር ጋር ልክ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ነው ሚገጥመው። ጃብራ ኢቮልቭ 20፣ ፕላንትሮኒክስ ብላክዋየር 3220፣ ሎጂቴክ ኤች 390፣ ሦስቱም ባለገመድ ናቸው፣ ዩኤስቢ አላቸው፣ ማይካቸው ዘንግ ላይ ነው፣ ማይካቸው ራሱ ደሞ ጫጫታ እንዲቀንስ የተሠራ ነው፣ ይሄኛው ኖይዝ ካንስሊንግ ነው ለኮንትሮለሩ ሚጠቅመው። ቆንጆ አይደሉም፣ ፎቶ አያምርባቸውም፣ የሞተር ድምፅ ላይ ቤዝ ያንሳቸዋል፣ እኔ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ዓይነቱ ሌላ አላደረግኩም። የሞተሩን ጉርምርምታ ካፈቀርከው በጎን ስፒከር አውጣው፣ ኤክስፓይለት ላይ፣ ኤክስ-ፕሌንህን ከቫትሲም ሚያገናኘው ፕሮግራም ላይ፣ ሬዲዮው በሄድሴቱ እንዲወጣ መምረጥ ትችላለህ፣ ብቻ ስፒከሩን ዝቅ አድርገው፣ ያለዚያ ሞተርህ በማይክህ ተመልሶ ይሄዳል።

ጃብራና ፕላንትሮኒክስ ባለ አንድ ጆሮም አላቸው። እኔ እሱን ነው ምወደው፣ አንዱ ጆሮዬ ለኮንትሮለሩ አንዱ ለቤቱ። ቡና ደረሰ ሲባል ካልሰማህ ሁለተኛ አይጠሩህም። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሁለቱም ጆሮ የተሸፈነ ቢሆን አልፈርድብህም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠህ ስትበር ሄድሴቱ የጆሮ ኮፍያም ነው። ሸዋ ሮቢት ያለ ወዳጄ ደሞ ተቃራኒው ነው ችግሩ፣ ቆዳ መሰሉ ሽፋን በላብ እየተቀረፈ ጥቁር ቅርፊቱ ጉንጩ ላይ ይቀርበታል፣ እሱን ጨርቅ ሽፋን ያለው አስለወጥኩት። አንድ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ምትደርስበት ቦታ ላይ ዕቃው ይለያያል እንግዲ። መነጽር ምታደርግ ከሆነም ለስላሳውንና ጭምቀቱ ቀላል የሆነውን ምረጥ፣ ቦሌ–ዱባይን አራት ሰዓት ስትበር ያ የመነጽሩ ዘንግ ጆሮህ ላይ መስመር ያወጣል።

ዩኤስቢ ዩኤስቢ ምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የጃክ ጣጣ ነው። ባለ 3.5 ሚሊ ጃኩን እየው፣ ጥቁሩ ቀለበት ሁለት ከሆነ ማይክ የሌለው የሄድፎን ጃክ ነው፣ ሦስት ከሆነ ማይክ ያለበት የስልክ ዓይነት ነው። ላፕቶፕህ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ባለ ሦስት ቀለበቱን ነው ሚፈልገው፣ ዴስክቶፕ ላይ ደሞ ሮዝና አረንጓዴ ለየብቻ ስለሆነ ሁለት ጭራ ያለው ማከፋፈያ ያስፈልግሃል፣ ሰው ይሄን ሳያውቅ ስንት ደህና ሄድሴት ማይኩ አይሠራም ብሎ እኔ ጋ ያመጣል መሰለህ፣ ምንም ሳልነካው አንዲት ማከፋፈያ ሰክቼ ነው ምመልሰው። ሁለተኛው መብራት ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ኧርዝ የለውም፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሆኖ በጃክ ማይክ ስታወራ እምምምም ሚል ድምፅ ሥር ሥሩን ይሄዳል፣ ቻርጀሩን ንቀለውና ከጠፋ በቃ ከዛ ነው። ዩኤስቢው ድምፁን እዛው ሄድሴቱ ውስጥ ወደ ዲጂታል ስለሚቀይረው ይሄ ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ አይነካውም። በርግጥ አጎትህ እስኪመጣ ስልክህ ጋር የመጣችውን ባለገመድ ኢርፎን ሰክተህ ብትበር ካሁኑ ብሉቱዝህ በብዙ ትሻላለች፣ ማይኳን ግን በእጅህ ወደ አፍህ አስጠጋት፣ ዝም ብለህ ካንጠለጠልካት ጋቢህ ላይ ስትታሸት ኮንትሮለሩ ጆሮ ላይ ሰው ጆንያ እየጎተተ ነው ሚመስለው።

ዕቃው መጣልህ እንበል። ማይኩን አፍህ ፊት ለፊት እንዳታደርገው፣ ከአፍህ ጠርዝ ወደ ጎን ሁለት ጣት ያህል። ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽህ እየመታው ቡፍ ቡፍ ይላል። መሞከሪያው ደሞ ሰርግ ላይ እንደሚባለው ፉ ፉ ሀሎ ሀሎ አይደለም፣ ማይክ ላይ ፉ ማለት የሚያናድደኝን ያህል ሚያናድደኝ የለም። የላፕቶፑን ድምፅ መቅጃ ክፈትና ፓፓ በል፣ ፓፓ፣ ታንጎ፣ ፓፓ። ጳጳስ ብትል አይሠራም፣ የኛ ጰ ከጉሮሮ ተቋጥራ ስለምትፈነዳ ትንፋሽ ብዙ የላትም፣ የፈረንጁ ፐ ናት አየሩን ማይኩ ላይ ምትተፋው። ፓፓ ሲል ቡፍ ካለ ትንሽ ወደ ጎን አሽሸው። ቀጥሎ ፊፍቲን፣ ፊፍቲ፣ ሲክስቲን፣ ሲክስቲ ብለህ ቅዳና ለሌላ ሰው አሰማው፣ ለራስህ አትስማው፣ አንተ ምን እንዳልክ ታውቃለህ። ቁጥር ስትናገርም ናይነር፣ ትሪ፣ ፋይፍ ሚባለው ለማስመሰል አይደለም፣ ናይንና ፋይቭ በሬዲዮ ስለሚምታቱ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሦስት ነገር ታያለህ። አንደኛ ማይክ ቡስት ሚባለው 20 ወይ 30 ላይ ተሰቅሎ ከሆነ አውርደው፣ ማይኩ ቅርብ ሲሆን ቡስት አያስፈልገውም፣ ድምፅህ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ ሳውንድ ውስጥ ኮሙኒኬሽንስ ሚል ገጽ አለ፣ ከሳጥኑ እንደወጣ የሌላውን ድምፅ በ80 ከመቶ ቀንስ ነው ሚለው፣ ኮንትሮለሩ ባወራ ቁጥር ሞተሬ ጠፋ ብሎ ሚደናገጠው ሰው ሁሉ መልሱ እዛ ነው ያለው፣ ዱ ናቲንግ አድርገው። ሦስተኛ ኤንሃንስመንት ሚባለውን አጥፋው። ከዛ ኤክስፓይለት ላይ ማይክህን በስሙ ምረጥ፣ ዲፎልት ብለህ አትተወው፣ ዊንዶውስ አንድ ቀን ደስ ሲለው የላፕቶፑን ማይክ ይሰጥሃል፣ አንተ ሄድሴቱ ላይ እየለፈለፍክ ላፕቶፑ ከኪቦርዱ ጋር ነው ሚያወራው። ስታወራ ሜትሩ አረንጓዴው ላይ ከቆመ ጥሩ ነው፣ ቀዩን ከነካ ዝቅ አርገው። ራስህን በሄድሴቱ ስትሰማ፣ ሳይድቶን ሚባለው፣ ሳታውቀው አትጮህም፣ እሱ ያለው ሄድሴት ካገኘህ ጥሩ ነው፣ በዊንዶውስ ሊስን ቱ ዚስ ዲቫይስ አድርገህ ግን አትሥራው፣ ድምፅህ ዘግይቶ ስለሚመለስ መንተባተብ ትጀምራለህ። ጫጫታውን በሶፍትዌር ሚያጠፉ ፕሮግራሞችም አሉ፣ ላፕቶፑ ኤክስ-ፕሌኑን ራሱን በስንት ላብ ነው ሚሸከመው፣ ሌላ ሸክም አትጨምርበት፣ ማይኩን አስጠጋው።

የመነጋገሪያው ቁልፍ ነገር ሳልናገር እንዳልቀር። ፒቲቲውን ስፔስ ባር ላይ አታድርገው፣ እኔ አድርጌው ጉድ ሆኛለሁ። አንድ ምሽት አውሮፓ ውስጥ ሥራ በበዛበት ፍሪኩዌንሲ ላይ እየበረርኩ ቡና ልጠጣ ተነሳሁ፣ ሲኒውን ያስቀመጥኩት ኪቦርዱ ጫፍ ላይ ነው፣ ማስቀመጫው ስፔስ ባሩን ተጭኖት። ቤት ውስጥ አክስቴና ጎረቤቷ የእቁብ ክርክር ላይ ናቸው፣ ማን እንዳወጣ ማን እንዳላወጣ፣ ያንን ሁሉ ክርክር ስንት ሀገር ያለ ፓይለት በአማርኛ ሲያዳምጥ ቆየ፣ በመሀል ሌላ ሰው ቢናገር ከኔ ጋር እየተደረበ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ተመልሼ ስመጣ ኮንትሮለሩ በጽሑፍ አምስት መልእክት ልኮልኛል፣ የመጨረሻው በትህትና ነው የተጻፈው፣ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም። ጆይስቲክ ካለህ ጣትህ ሥር ያለው ማስፈንጠሪያ ላይ አድርገው፣ ከሌለህ ደሞ ማንም በስህተት የማይነካው የኪቦርድ ቁልፍ፣ ራይት ኮንትሮል ለምሳሌ። ከተጫንክ በኋላ ግማሽ ትንፋሽ ያህል ቆይተህ ተናገር፣ ጨርሰህ ደሞ ግማሽ ትንፋሽ ቆይተህ ልቀቅ። ሄድሴቱ ገመድ ላይ የማይክ ማጥፊያ ካለው ስትነሳ እሷን ተጫናት፣ ስትመለስ ግን መክፈት እንዳትረሳ፣ ዝምታን ሰይ አጌን ሚለው የለም።

ስለ ቲቪውና ስለ ሰዉ፣ ከቤተሰብህ ጋር አትጣላ፣ ጀርባህን ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ሳሎኑ አድርገህ ተቀመጥ፣ ነገሩ የሰውነትህ ግርዶሽ ነው፣ አንተ በማይኩና በቲቪው መሀል ከሆንክ ድምፁ መጀመሪያ ያንተን ሰውነት ይመታል። ክፍሉ ባዶና ሲሚንቶ ከሆነ ደሞ ድምፅህ ግድግዳ እየመታ ስለሚመለስ ጉድጓድ ውስጥ ያለህ ያስመስልሃል። ለዚህ ፎም ምናምን አትግዛ፣ ከተማችን ብርድ ልብስ እያመረተች እንዴት ተደርጎ፣ አንድ ወፍራም የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፊት ለፊትህ ያለው ግድግዳ ላይ ስቀል፣ ሚናገረው አፍህ ወደዛ ነውና ሚመታውም መጀመሪያ እሱን ነው። የነፋሱ ነገር ከመስኮቱ ክፍተት ከሆነ ጨርቅ ወትፍበት፣ ማይኩ ላይ ያለችውን ጥቁር ስፖንጅ ደሞ አትጣላት፣ ጠፍታ ከሆነ ከሶፋ ስፖንጅ ጣት ያህል ቆርጠህ ቦርቡረህ አልብሰው፣ ያው ነው ሥራው።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ሆኖ ይሆን ብለህ እንዳትጨነቅ፣ ድምፅ በጣም ትንሽ ዳታ ነው ሚበላው፣ ዳታህን ሚጨርሰው ሌላ ነገር ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግን ድምፅህም ይቆራረጣል፣ ይሄን ከማይክ ችግር ምትለየው እንዲህ ነው፣ እዛው ላፕቶፕ ላይ የቀዳኸው ጥርት ብሎ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ ከተቆራረጠ ኔትወርኩ ነው፣ የቀዳኸውም ከተበላሸ ማይኩ ነው። ሄድሴቱ እስኪመጣ ደሞ አትቁም፣ ፍላይት ፕላንህ ሪማርክ ላይ በጽሑፍ ብቻ እንደሆንክ በቲ ወይ መስማት እችላለሁ መናገር አልችልም ብለህ በአር መጻፍ ይፈቀዳል፣ ኮንትሮለሩ በድምፅ ያወራሃል አንተ በጽሑፍ ትመልሳለህ፣ ማንም አይቆጣህም። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር እንደዛ ነው የበረርኩት፣ ለእንግሊዝኛዬም ጠቅሞኛል፣ ጆሮዬ እስኪለምድ ጣቴ ሰዓት ያገኛል።

ለአጎትህ እንግዲ ዛሬውኑ ደውልለትና ሁለት ጃክ ያለውን ተወው በለው፣ ብሉቱዝም ተወው። ባለገመድ፣ ዩኤስቢ፣ ማይኩ በዘንግ አፍ ጋ ሚደርስ፣ የቢሮ ስልክ ሄድሴት ብለህ ጠይቅ በለው፣ ከሦስቱ ስሞች አንዱን በቴክስት ላክለት፣ በቃል ከነገርከው ሱቅ ደርሶ ይረሳዋል። ዩኤስቢው ጫፍ ትልቁ ይሁን ትንሹ ሲ ሚባለው ላፕቶፕህን አይተህ ጨምርበት፣ ያንን ካልነገርከው ተሳስቶ ያመጣና ኮንቨርተር ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ትሄዳለህ። ሻንጣው ውስጥ ቦታ ከተረፈው ሁለት የጆሮ ሽፋን ስፖንጅ ትርፍ ይያዝልህ፣ እዚህ መጀመሪያ ሚያልቀው እሱ ነው።